ብቻን መጓዝ ወይስ ከሰው ጋር? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

መድረሻው ከታወቀ በኋላ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «ከማን ጋር?» የሚለው ነው። ብዙ ሰው መልሱን ከጠባዩ ይፈልገዋል፤ አንዱ «እኔ ሰው እወዳለሁ» ይላል፣ ሌላው «ብቻዬን ስሆን ነው የሚመቸኝ» ይላል። ጠባይ ድርሻ እንዳለው አልክድም። ከጠባይ በላይ የሚወስነው ግን መንገዱ ራሱ ነው። አንድ ነገር ቢፈጠር ማን ይደርስልኛል? መንገድ ላይ የሚወሰነውንስ ማን ይወስናል? እነዚህን ሁለቱን አስቀድሞ የመለሰ ሰው ብቻውንም ቢሆን ከሰውም ጋር ቢሆን ደህና ይጓዛል ብዬ አምናለሁ።

ወደ ውጭ አገር ስጓዝ የመጀመሪያዬ ነው። ብቻዬን ልሂድ ወይስ ሰው ልፈልግ?

በመጀመሪያ ጉዞ የሚያደናግረው አገሩ ሳይሆን የመንገዱ ሥርዓት ነው። የትኛው ሰልፍ ላይ እንደሚቆም፣ የኢሚግሬሽን ሠራተኛው ምን እንደሚጠይቅ፣ ሻንጣ የት እንደሚወጣ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው በምን እንደሚወጣ ለማያውቅ ሰው ሁሉም ነገር ከባድ ይመስላል። ይህን ከሚያውቅ ሰው ጋር አንድ ጊዜ ያለፈበት ግን በሁለተኛው ብቻውን ቢሆን አይቸገርም። ስለዚህ የሚያውቅ ሰው ካለ አብሮ መሄዱ መልካም ነው። እንደ እርስዎ ምንም የማያውቅ ሰው እስኪመቸው ብሎ ጉዞውን ከዓመት ዓመት ማሳደር ግን አልመክርም፤ ሁለት የማያውቁ ሰዎች አንዱ የሌላውን ድንጋጤ የሚያባብሱበት ጊዜ ብዙ ነው።

ብቻዎን ከሆኑ አጠር ያለ ጉዞ ይምረጡ። ቢቻል ቀጥታ በረራ ይሁን፤ ደግሞም ጀምበር ሳትጠልቅ የሚያደርስ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሌሊቶች ማረፊያ ከቤትዎ ሳይወጡ ይያዙ፤ የቀረውን እዚያው ሆነው ማስተካከል ይቻላል። የማረፊያውን ስምና አድራሻ በአገሩ ፊደል በወረቀት ጽፈው ኪስዎ ውስጥ ያኑሩ። የስልክ ባትሪ ሲያልቅ ወይም ሲም ካርዱ አልሠራ ሲል ያቺ ወረቀት ለታክሲ ነጂ ከማንኛውም ማብራሪያ ይበልጥ ትናገራለች።

ብቻ መጓዝ አደገኛ ነው?

ወሳኙ ነገር ቢወድቁ የሚያይዎት ሰው መኖሩ ነው። ሰው በሚበዛበት ከተማ ውስጥ ብቻውን የሚሄድ ሰው በእውነቱ ብቻውን አይደለም። ራሱን ቢስት አላፊ አግዳሚው ያነሳዋል፣ ሐኪም ቤት ቅርብ ነው፣ ስልክ ይሠራል። እዚያ የሚያሰጉት ኪስ አውላቂና አጭበርባሪ ናቸው፤ እነሱ ደግሞ የሚመርጡት የደከመውን፣ ሻንጣ የበዛበትንና ስልኩ ላይ ያቀረቀረውን መንገደኛ ነው። አብሮ የሚሄድ ሰው የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። አንዱ ቲኬት ሲቆርጥ ሌላው ዕቃ ይጠብቃል፤ አንዱ ሲያንቀላፋ ሌላው ነቅቶ ይቆያል። ሲያዩት ትንሽ ነገር ይመስላል። ሌሊቱን ሙሉ በሚሄድ ባቡር ውስጥ ቦርሳቸውን ታቅፈው ያደሩ ሰዎች ግን ትንሽ እንዳልሆነ ያውቁታል።

ከከተማ ሲወጣ ነገሩ ይለወጣል። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2003 አሮን ራልስተን የተባለ ልምድ ያለው አሜሪካዊ ተራራ ወጪ በዩታ ግዛት ብሉጆን በሚባል ጠባብ ሸለቆ ውስጥ ብቻውን ሲወርድ፣ ከቦታው የተፈነቀለ ቋጥኝ ቀኝ እጁን ከገደሉ ግድግዳ ጋር አጣብቆ ያዘው። ወዴት እንደሚሄድ ለማንም አልተናገረም ነበር። ስለዚህ መጥፋቱ ከታወቀ በኋላ እንኳ የት ተብሎ ይፈለጋል? ለ127 ሰዓታት ያህል እዚያው ተይዞ ቆየና በመጨረሻ ክንዱን በገዛ እጁ ቆርጦ ወጣ። ሰውየው ጉልበትም ችሎታም አላጣም፤ የጎደለው ቦታውን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር። አንድ መልእክት ትቶ ቢሆን ኖሮ ፈላጊዎቹ የሚጀምሩበት ቦታ ይኖራቸው ነበር።

እሺ፣ ታዲያ ለሰው ምን ልንገር?

«ወደ ተራራው ልሄድ ነው፤ አታስቡ» የሚለው መልእክት ለፍለጋ አይረዳም። መልእክቱ እንግዳ ሰው እንኳ አንብቦት ሊፈልግዎት የሚችል መሆን አለበት። ለምሳሌ እንዲህ ቢባል፦ «ቅዳሜ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ከመንደሩ በስተሰሜን ባለው የፓርኩ መግቢያ እነሳለሁ። ወደ ሐይቁ ወጥቼ በዚያው መንገድ እመለሳለሁ። የለበስኩት ብርቱካናማ ጃኬት ነው፣ ቦርሳዬ ሰማያዊ ነው። ከ11 ሰዓት በፊት ወርጄ እደውልልሃለሁ። እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ካልደወልኩ ለፓርኩ ጥበቃ በዚህ ቁጥር ደውል።»

የዚህ መልእክት ዋናው ቁም ነገር የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ነው። ሰዓቱ ካልተቆረጠ ቤት ያለው ሰው «ኔትወርክ ጠፍቶበት ይሆናል፣ ትንሽ ልጠብቅ» እያለ ሌሊቱን ያሳልፋል። የሚደወልበት ቁጥር ካልተጻፈ ደግሞ በሰው አገር ማንን እንደሚጠራ ግራ ይገባዋል። መልእክቱን በስሜት ለሚደናገጥ ሰው ሳይሆን የተባለውን በተባለው ሰዓት ለሚፈጽም ሰው ይስጡ፤ እናትዎ ላይሆኑ ይችላሉ። ከእርስዎ የሚጠበቀውም አለ። መንገድ ከለወጡ ይንገሩ፤ በሰላም ሲመለሱ ከገላ መታጠቢያውም ከምግቡም በፊት ይደውሉ። ደህና ተኝተው ሳለ የነፍስ አድን ሠራተኞች በጨለማ ገደል ለገደል ሲፈልጉዎት ማደር የለባቸውም።

ኔትወርክ በሌለበት በረሃ ወይም ተራራ ለብዙ ቀን ብቻዎን የሚሄዱ ከሆነ በሳተላይት የአደጋ ጥሪ የሚያስተላልፍ ትንሽ መሣሪያ ይያዙ። ኮስፓስ ሳርሳት የተባለው ዓለም አቀፍ የሳተላይት አገልግሎት በ406 ሜጋኸርዝ የሚላከውን ጥሪ ተቀብሎ ለሚመለከተው የአገሩ ነፍስ አድን ክፍል ያስተላልፋል። መሣሪያው ቀድሞ በስምዎ መመዝገቡን አይርሱ፤ ያልተመዘገበ ከሆነ ጥሪው የማን እንደሆነና ለማን መደወል እንዳለበት ማጣራቱ ጊዜ ይወስዳል።

ብቻዬን ፈጽሞ መሞከር የሌለብኝ ጉዞ አለ?

አለ። መለያውም ቀላል ነው፤ አደጋው መጀመሪያ የሚወስደው ማመዛዘንን ከሆነ ብቻዎን አይሂዱ።

ከፍታን እንውሰድ። ከ2500 ሜትር በላይ በፍጥነት የወጣ ሰው ራሱን ሊያመው፣ ሊያቅለሸልሸውና እንቅልፍ ሊያጣ ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ እዚያው አርፎ ሰውነቱ ሲለምደው ይሻለዋል። ሲብስ ግን አንጎል ያብጣል፤ ሰውየው ይንገዳገዳል፣ ንግግሩ ይዘበራረቃል፣ የት እንዳለ ይጠፋበታል። እሱ ራሱን ቢጠይቁት «ትንሽ ደክሞኝ ነው፣ ደህና ነኝ» ይላል፤ እውነቱንም ነው፣ አያውቀውም። የሚያውቀው አብሮት ያለው ሰው ነው። ጓደኛው መሬት ላይ ቀጥ ያለ መስመር አስምሮ፣ የአንዱን እግር ተረከዝ ከሌላው ጣት ጋር እያገናኘ እንዲራመድ ያደርገዋል። ከተንገዳገደ ነገሩ አለቀ፤ ይወረዳል፣ ሌሊትም ቢሆን አይታደርም። ይህን ፈተና ሰው ለራሱ ሰጥቶ ራሱ ሊያርመው አይችልም። ከ3000 ሜትር በላይ ሲሆን የመኝታን ከፍታ በቀን ከ500 ሜትር በላይ አለመጨመር የሚባለውም ምክር ለመጠበቅ የሚቀለው «ዛሬ እዚሁ እንደር» የሚል ሰው ሲኖር ነው።

ብርድም እንደዚሁ ነው። የሰውነቱ ሙቀት የወረደበት ሰው ይንተባተባል፣ ዕቃ ከእጁ ይወድቃል፣ ይደናቀፋል፤ ጃኬቱ ቦርሳው ውስጥ እያለ ማውጣቱን አያስበውም። በውኃ ውስጥ ጥልቀት የሚዋኙ ዳይቨሮች ሁለት ሁለት ሆነው የሚገቡበት ምክንያትም ከዚህ አይርቅም። ከመግባታቸው በፊት አንዱ የሌላውን ዕቃ ይፈትሻል፤ የአንዱ አየር ቢያልቅ ከሌላው እየተነፈሰ ይወጣል። ጥልቅ ዋሻ፣ የበረዶ ግግር፣ መኪና የማያልፍበት በረሃም እዚሁ ውስጥ የሚገቡ ናቸው።

አንዳንድ ቦታ ምርጫውን ደንቡ ይወስነዋል። ኔፓል እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2023 ጀምሮ የተራራ ጉዞ የሚያደርጉ የውጭ አገር ሰዎች ፈቃድ ያለው መሪ እንዲይዙ የሚያዝ ደንብ አውጥታለች። ከመሄድዎ በፊት የሚሄዱበትን አገር ደንብ ማየት ተገቢ ነው።

«ግን ጣሊያናዊው ተራራ ወጪ ሜስነር ኤቨረስትን ብቻውን ወጥቶት የለም ወይ?» የሚሉኝ አሉ። ወጥቶታል፤ እ.ኤ.አ. ኦገስት 20 ቀን 1980፣ ያለ ተጨማሪ ኦክስጅን። ይሁንና ከሁለት ዓመት በፊት በዚያው ተራራ ጫፍ ላይ ያለ ኦክስጅን የቆመው ከሌላ ተራራ ወጪ፣ ከፒተር ሀበለር ጋር ነበር፤ ከዚያም በፊት የብዙ ዓመት ልምድ ነበረው። በ1980ውም ቢሆን ታች ካምፑ ውስጥ ሆና የምትጠብቀው ሰው ነበረች። ብቻ መውጣት የብዙ አብሮ መውጣት ፍሬ ነው፤ መጀመሪያው አይደለም።

ከሰው ጋር ከሆንኩ ደህና ነኝ ማለት ነው?

አይደለም፤ ሰው ሲበዛ የሚመጣ የራሱ ችግር አለ። ሁሉም «ሌላው አይቶታል» ብሎ ያስባል። ካርታውን ማን ያዘ? የአየሩን ሁኔታ ማን ጠየቀ? ውኃው ለስንት ሰዓት ይበቃል? ስምንት ሰው ተሰልፎ ሲሄድ የፊተኛው መንገድ ቢስት ሰባቱ ይከተሉታል። የሚያመነታ ሰው ቢኖር እንኳ «እኔ ብቻ ፈሪ ልባል?» ብሎ ዝም ይላል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ኃላፊነት ባለቤት ይኑረው፤ መንገዱን የሚይዝ፣ መድኃኒቱን የሚይዝ፣ ሰዓቱን የሚከታተል። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ «ማንም ሰው እንመለስ ካለ እንመለሳለን፣ አይወቀስም» የሚል ስምምነት ከመነሳት በፊት ይደረግ። ተራራ ላይ እንዲህ ያለ ስምምነት ሕይወት ያድናል።

ለሴት ብቻዋን መጓዝ ይቻላታል?

ይቻላታል፤ ከተቻለም ብዙ ዘመን ሆኖታል። ኔሊ ብላይ የተባለችው የኒውዮርክ ጋዜጠኛ ዓለምን እዞራለሁ ስትል አለቃዋ «ሴት ስለሆንሽ ጠባቂ ያስፈልግሻል፤ ሻንጣሽም ይበዛል» የሚል ምክንያት ሰጥቷት ነበር። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 14 ቀን 1889 አንዲት ትንሽ የእጅ ቦርሳ ይዛ ብቻዋን ተነሳችና ጃንዋሪ 25 ቀን 1890 ከ72 ቀን በኋላ ተመለሰች። ሮቢን ዴቪድሰን የተባለች አውስትራሊያዊት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1977 በአራት ግመሎችና በአንድ ውሻ ታጅባ ከአሊስ ስፕሪንግስ እስከ ሕንድ ውቅያኖስ ድረስ 2700 ኪሎ ሜትር ገደማ የአውስትራሊያን በረሃ አቋርጣለች። እሷ ላይ የምወደው ድፍረቷን ብቻ አይደለም። ከመነሳቷ በፊት ግመል ማሠልጠንና መጫን በመማር ረጅም ጊዜ አሳልፋለች፤ በመንገዷም አንድ የአገሩ ተወላጅ ሽማግሌ ለተወሰነ ርቀት አብረዋት ሄደዋል። ብቻ መጓዝ ማለት እርዳታን እምቢ ማለት እንዳልሆነ ከዚህ ይታያል።

ይሁንና ሴት ተጓዦች የሚደርስባቸው ማስቸገር እውነት ነው፤ «አስበሽው ነው እንጂ ምንም የለም» ማለት ነውር ነው። ጥፋቱ የአስቸጋሪው ነው፤ ጥንቃቄው ግን የሚጠቅመው እርስዎን ስለሆነ የሚሠራውን ልንገርዎት። አዲስ ከተማ ሲደርሱ በብርሃን ይድረሱ። የሆቴሉ ሠራተኛ የክፍል ቁጥርዎን ጮክ ብሎ ከተናገረ ሌላ ክፍል ይጠይቁ፤ ይህ መብትዎ ነው። የበሩን መቆለፊያ ቦርሳዎን ከማውረድዎ በፊት ይፈትሹት፤ የማይቆለፍ ከሆነ ዕቃ ሳይበተን መቀየሩ ይቀላል። «ብቻሽን ነሽ?» ብሎ ለሚጠይቅ የማያውቁት ሰው እውነቱን የመናገር ግዴታ የለብዎትም፤ «ጓደኞቼን እየጠበቅኩ ነው» በቂ መልስ ነው። ያለቅጥ የሚቀርብዎት ሰው ካለ ለማስቀየም አይፍሩ። ብዙ ሴቶች ችግር ውስጥ የሚገቡት አደጋውን ሳያዩት ቀርተው ሳይሆን ጨዋነት ይዟቸው ነው፤ ይሉኝታን እቤት ትቶ መሄድ ይፈቀዳል።

ብቻዬን ስሆን ብቸኝነት አይገድለኝም?

ይመጣል፤ እንዳይመጣ ማድረግ አይቻልም። ዝነኛው ተጓዥ ኢብን ባቱታ እ.ኤ.አ. በ1325 በ21 ዓመቱ ከሞሮኮዋ ከተማ ከታንጀር ሲነሳ ጓደኛም አብሮት የሚሄድ ቅፍለትም (የመንገደኛ ቡድን) አልነበረውም። በኋላ ከሌሎች መንገደኞች ጋር ተቀላቀለ፤ መንገድ ላይም ትኩሳት ይዞት ከተቀመጠበት እንስሳ እንዳይወድቅ ራሱን በጥምጥሙ ጨርቅ ከኮርቻው ጋር አስሮ ይጓዝ ነበር። ቱኒስ ሲደርስ የከተማው ሰው ሁሉ ወጥቶ መንገደኞቹን እየተቀበለ ይሳለማል፤ እሱን የሚያውቀው ስለሌለ ማንም አላናገረውም። ያን ጊዜ አለቀሰ። ከተጓዦቹ አንዱ ይህን አይቶ ቀረበና ሰላም አለው፣ ከተማው እስኪገባም እያጫወተው ሄደ። ከቱኒስ ሲነሳ ኢብን ባቱታ አብሮት የሚሄደው ቅፍለት ዳኛ ሆኖ ነበር።

ከዚህ የምወስደው ነገር ብቸኝነቱ የሚበረታበትን ሰዓት ነው፦ መድረሻ ላይ፣ ሌላው ሰው ከዘመዱ ጋር ሲተቃቀፍ። ለምሽት ሰዓትም ያው ነው፤ ቀኑ በማየት ያልፋል፣ እራት ላይ ግን ከፊት ለፊት ያለው ባዶ ወንበር ይታያል። ለነዚህ ሰዓቶች አስቀድመው ይዘጋጁ። ሰው የሚበዛበትና ወጥ ቤቱ የጋራ የሆነ ማረፊያ ይምረጡ፤ በደረሱ ማግስት በእግር የሚያስጎበኝ ቡድን ይቀላቀሉ፤ ወደ ቤት የሚደውሉበትን ሰዓት ምሽት ላይ ያድርጉት። ሐዘኑ ለቀናት አልለቅም ካለ፣ እንቅልፍና ምግብ ከነሳ ግን መጽናት ግዴታ አይደለም። ተመልሶ መሄድም የጉዞ አንዱ ውሳኔ ነው።

ታዲያ ብቻ መጓዝ ምን ትርፍ አለው?

ሰው ያናግርዎታል። ሁለት ሰዎች ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው እርስ በርሳቸው ሲያወሩ ሦስተኛ ሰው ጣልቃ መግባት ይከብደዋል፤ ብቻውን የተቀመጠን ሰው ግን «ከየት ነህ?» ማለት ቀላል ነው። የሰው አገር ቋንቋ ለመማር የሄደ ሰው ከገዛ አገሩ ልጅ ጋር ከሄደ ሲነጋገር የሚውለው በገዛ ቋንቋው ነው፤ ብቻውን ከሄደ ዳቦ ለመግዛት እንኳ መናገር አለበት። ደግሞም ጊዜው የእርስዎ ነው። አንድ ሥዕል ፊት ለፊት አንድ ሰዓት ቢቆሙ የሚያጉረመርም የለም፤ ዝነኛው ሙዚየም ካላማረዎት በሩ ላይ ዞረው መመለስ ይችላሉ። የሚያዩትን ነገር የሌላ ሰው ፊት ላይ ሳያነቡ፣ ወደዱት ወይስ አልወደዱት የሚለውን ከራስዎ ብቻ ይሰማሉ። እኔ ይህን እንደ ትልቅ ነገር ነው የማየው።

ጥሩ ጓደኛዬ ጥሩ የጉዞ ጓደኛ ይሆነኛል?

የግድ አይደለም። ከጓደኛ ጋር የሚገናኙት ሁለታችሁም ስትመቻቹ ነው፤ በጉዞ ላይ ግን ሲርበውም፣ ሲደክመውም፣ ሻንጣው ሲጠፋም አብረውት ነው ያሉት። ፍቅር ያላቸው ሰዎች በሦስተኛው ቀን የሚኮራረፉት በትልቅ ነገር አይደለም። አንዱ 12 ሰዓት ላይ ተነስቶ ጫማውን አስሮ በር ላይ ቆሟል፤ ሌላው እስከ 4 ሰዓት መተኛት ለዕረፍት የመጣበት ምክንያት ነው። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ችግሩ አለመነጋገራቸው ነው።

ስለዚህ ቲኬት ከመቆረጡ በፊት በግልጽ ይጠያየቁ። ስንት ሰዓት እንነሳለን? በቀን ምን ያህል እንራመዳለን? ለማረፊያ ከስንት በላይ አናወጣም? ይህን ጉዞ ስትመለስ «ደስ አለኝ» የምትለው ምን ካየህ ነው? የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉም ይበልጥ ይገልጣል፤ አንዱ «ባሕሩ» ሌላው «ገበያው» ካሉ ቀኑን መካፈል እንዳለባችሁ ከወዲሁ ታወቀ ማለት ነው። ረጅም ጉዞ የምታስቡ ከሆነ መጀመሪያ የሁለት ቀን አጭር ጉዞ አብራችሁ ሞክሩ።

ለባልና ሚስትም ይሠራል? አዎ፣ ምናልባት ከሁሉም በላይ። ግማሽ ቀን ተለያይተው ውለው እራት ላይ የሚገናኙ ጥንዶች የሚያወሩት አያጡም።

ስንት ሰው ይበቃል?

ሁለት ሰው ለመስማማት ይቀላል፤ ክፍልም ለሁለት የተሠራ ነው። ሦስት ሲሆን ሁለቱ ተጠጋግተው አንዱ ከዳር የሚቀርበት ጊዜ አለ፤ ክፍልና መቀመጫ የሚጋሩትን በየቀኑ መቀያየር ይረዳል። በተራራና በበረሃ ደግሞ አራት ጥሩ ቁጥር ነው፤ አንዱ ቢጎዳ አንዱ አብሮት ይቆያል፣ ሁለቱ እርዳታ ለመጥራት ይሄዳሉ፣ ማንም ብቻውን አይቀርም። ከስድስት ካለፈ ምሳ የት እንደሚበላ ለመወሰን ብቻ ግማሽ ሰዓት ይሄዳል።

የትኛው ይረክሳል?

በአብዛኛው አብሮ መሄድ። ክፍል፣ የኪራይ መኪና፣ ነዳጅና አስጎብኚ በሰው ቁጥር ይካፈላሉ፤ የበረራና የመግቢያ ዋጋ ግን ለውጥ የለውም። የተደራጁ ጉዞዎችና የመዝናኛ መርከቦች ዋጋቸውን የሚያወጡት አንድ ክፍል ለሁለት ሰው ብለው ስለሆነ፣ ብቻውን የሚመጣ ሰው ተጨማሪ ይከፍላል። ብቻዎን ከሆኑ የጋራ መኝታ ክፍል ባለው ማረፊያ አልጋ መያዝ ይህን ልዩነት ያጠበዋል።

ሂሳብ ጓደኝነትን እንዳይበላ የጋራ ቦርሳ ይኑራችሁ። ሁሉም እኩል ያዋጣል፤ ታክሲው፣ የጋራው ምግብ፣ ውኃው ከዚያ ይከፈላል፤ ሲያልቅ እንደገና እኩል ይዋጣል። የግል የሆነው ከየኪስ ይወጣል። በየምሽቱ «አንተ የኔን ከፍለሃል፣ እኔ የሷን…» እያሉ ከመቁጠር ያድናል። አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ፤ ቡድን ሲሆን ወጪው ብዙ ጊዜ ወደ ባለ ከፍተኛው አቅም ያዘነብላል፣ አቅሙ ያነሰው ደግሞ አፍሮ ዝም ይላል። አቅም ያለው ሰው ቀድሞ «ቀለል ያለው ይበቃናል» ቢል ትልቅ ደግነት ነው።

መንገድ ላይ ብንጣላስ?

መጀመሪያ ይብሉና ይተኙ፤ ብዙው ጠብ ረኃብና ድካም ነው። ማግስቱን ካልበረደ ለአንድ ቀን ይለያዩ። እስከ መጨረሻው መለያየት ካስፈለገ ደግሞ ይቻላል፤ የሚቻለው ግን ሁለቱም የየራሳቸውን ፓስፖርት፣ ገንዘብ፣ የመመለሻ ቲኬትና የማረፊያ ማረጋገጫ ይዘው ከሆነ ነው። ሁሉንም ወረቀት አንድ ሰው የሚይዝበት ልማድ አመቺ ይመስላል፤ ቦርሳው የተሰረቀ ቀን ወይም የተኮራረፋችሁ ቀን ግን ሁለተኛው ሰው ባዶ እጁን ይቀራል። ኔትወርክ በሌለበት ቦታ ግን፣ ምንም ብትጣሉ፣ አትለያዩ። ጠቡን ከተማ ገብታችሁ ጨርሱት።

ብቻዬን እያለሁ ብታመም ወይም ብታሰርስ?

ለሕመም የጉዞ ኢንሹራንስ ይግቡ፤ ውሉ ላይ ወደ ሐኪም ቤት የሚያደርስ መጓጓዣና ወደ አገር የሚመልስ ወጪ መሸፈኑን፣ ሊሠሩት ያሰቡት ነገር፣ ለምሳሌ ተራራ መውጣት ወይም ዳይቪንግ፣ አለመገለሉን ያንብቡ። የደም ዓይነት፣ የሚወስዱትን መድኃኒት፣ የማይስማማዎትን ነገርና የቅርብ ሰው ስልክ በስልክዎ የአደጋ ጊዜ መረጃ ገጽ ላይ ይሙሉ፤ ስልኩ ተቆልፎም ቢሆን ይታያል። በብዙ አገር 112 ከሞባይል ሲደወል ወደ አደጋ ጊዜ አገልግሎት ያገናኛል፤ የሚሄዱበትን አገር ቁጥር ግን አረጋግጠው ይያዙ።

የታሰረ የውጭ አገር ሰው እ.ኤ.አ. በ1963 በወጣው የቪየና የቆንስላ ግንኙነት ስምምነት አንቀጽ 36 መሠረት፣ ከጠየቀ መታሰሩ ለአገሩ ቆንስላ ሳይዘገይ እንዲነገርለት መብት አለው። ይህን መብት በረጋ ድምፅ ደጋግመው ይጠይቁ። በማይገባዎት ቋንቋ የተጻፈ ወረቀት ላይ አይፈርሙ። ቆንስላው ከእስር አያስፈታዎትም፣ ጠበቃም አይሆንልዎትም፤ የጠበቆች ዝርዝር ሊሰጥዎትና ቤተሰብዎን ሊያገኝልዎት ግን ይችላል። በሚሄዱበት አገር ኤምባሲዎ ከሌለ የትኛው ጎረቤት አገር ያለው እንደሚያገለግል ከመነሳትዎ በፊት ይወቁ።

ልጄ ብቻውን በአውሮፕላን መሄድ ይችላል?

ብዙ አየር መንገዶች ከአምስት ዓመት ጀምሮ ያሉ ልጆችን ለብቻቸው ሲጓዙ በአደራ ተቀብለው የሚያደርሱበት አገልግሎት አላቸው፤ የዕድሜው ወሰንና ክፍያው ከአንዱ አንዱ ስለሚለይ አስቀድሞ ደውሎ መጠየቅ ያሻል። አውሮፕላን የሚቀየርበት በረራ ካለ አይያዝ። የሚቀበለው ሰው ስም በወረቀቱ ላይ እንደ መታወቂያው ሆኖ ይጻፍ። ድንበር የሚሻገር ልጅ የሁለቱንም ወላጆች የፈቃድ ደብዳቤ ሊጠየቅ ይችላል፤ ከአንድ ወላጅ ጋር ሲሄድም እንዲሁ።

ቤተሰቦቼ ብቻዬን እንድሄድ አልፈቀዱም፤ ምን ልበላቸው?

ፍርሃታቸውን አይናቁባቸው፤ የሚፈሩት ስለሚወዱዎት ነው፣ ደግሞም አብዛኛው ፍርሃት የሚመጣው ካለማወቅ ነው። «እጠነቀቃለሁ» የሚለው ቃል አያሳርፋቸውም። የት እንደሚያርፉ፣ በየስንት ቀኑ እንደሚደውሉ፣ ገንዘብ ቢያልቅ ከየት እንደሚያገኙ በወረቀት ጽፈው ያሳዩአቸው። ይህን ሲጽፉ የማይመልሱት ጥያቄ ካጋጠመዎት ቤተሰብዎ የጠየቀው ተገቢ ነበር ማለት ነው፤ መልሱን ይፈልጉ።

ሁለቱን ማቀላቀል ይቻላል?

ይቻላል፤ ለብዙ ሰው የምመርጠውም እሱን ነው። ከተማውን ብቻዎን፣ ተራራውን ከቡድን ጋር። ወይም ከጓደኛዎ ጋር ሄደው እሱ ሲመለስ እርስዎ ጥቂት ቀን ይቆያሉ። መንገድ ላይ ካገኙት ሰው ጋርም መቀላቀል ይቻላል፤ ብቻ የማያውቁት ሰው መኪና ውስጥ ከመግባትዎ በፊት ስሙንና የታርጋ ቁጥሩን ፎቶ አንስተው ለአንድ ሰው ይላኩ፣ ሲልኩም እሱ እያየ ይላኩ። ቅን ሰው በዚህ አይቀየምም። የሚቀየም ከሆነ ደግሞ ሌላ መጓጓዣ ይፈልጉ።